ያልተጠረበ አጥንት፦ የሠዓሊው ቱሉዝ ሎትሬክ ሕይወት

ሠዓሊው አንሪ ደ ቱሉዝ ሎትሬክ እ.ኤ.አ. በ1864 በፈረንሳይ፣ በአልቢ ከተማ ከመሳፍንት ቤት ተወለደ፤ አባትና እናቱ የእኅትማማች ልጆች ነበሩ። በ13 እና በ14 ዓመቱ ጭኖቹ በቀላል አደጋ ተራ በተራ ተሰብረው የእግሮቹ እድገት ተገታ። በሥዕሉ ዝናን ቢያተርፍም፣ በ1901 በ36 ዓመቱ ሲሞት ደዌው ስም አልነበረውም።

በ1962 ፒክኖዲሶስቶሲስ የተባለ ሕመም ተለየ፤ የሠዓሊውም ይኸው ሳይሆን እንደማይቀር ሐኪሞች ገመቱ። በ1996 እንደ ታወቀው፣ የካቴፕሲን ኬ ኤንዛይም ጂን ከሁለቱም ወላጆች ተበላሽቶ ሲወረስ አሮጌ አጥንት አይጠረብም፤ እርግብግቢት ሳይገጥም ይቆያል፤ አጥንቱም ጠጣር ቢሆን በቀላሉ ይሰበራል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለቱ ትርፉ ተጠርቦ እንደ ቆሙ፣ አጥንትም የሚጸናው ሲጠረብና ሲታደስ ነው።

የላስታ ሽማግሌ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጥር፣ ጂንን ባያውቅም፣ እንዲህ ያለውን ስውር ውርስ ያርቃል።