በጣቱ ያነበበ ሰው፤ የሉዊስ ብሬል የሕይወት ታሪክ

አንባቢ ሆይ፤ ለዓይነ ስውር የሚራራ ሰው ብዙ ነው፤ ምን እንደሚሻ ከራሱ ከዓይነ ስውሩ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሳንቲም ጥሎ ማለፍ ቀላል ሲሆን፥ ቆሞ መስማት ትሕትናን ይፈልጋልና። ይህ ነገር በሉዊስ ብሬል ሕይወት ውስጥ ተገልጦ ስለሚታይ፥ ታሪኩን በአጭሩ እንጽፋለን። ዓመታቱ የተቈጠሩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሉዊስ ብሬል በጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ዓመት፥ ከፓሪስ ከተማ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻና ልጓም እየሠራ ቤቱን የሚያስተዳድር የእጅ ሥራ ሰው ነበረ። ሉዊስ ሦስት ዓመት በሆነው ጊዜ ወደ አባቱ የሥራ ቤት ገብቶ በስለት ሲጫወት፥ ስለቱ አምልጦ አንዱን ዓይኑን ወጋው። ቍስሉ አመረቀዘ፤ ሕመሙም ወደ ሁለተኛው ዓይን ተላለፈ፤ አምስት ዓመት ሲሆነውም ብርሃን ከሁለቱም ዓይኖቹ ፈጽሞ ጠፋ።

በዚያ ዘመን የድኻ ዓይነ ስውር ዕጣ ብዙውን ጊዜ ልመና ነበረ። የሉዊስ ወላጆች ግን ልጃቸውን በጓዳ አልደበቁትም። መጀመሪያ የመንደሩ ቄስ አስተማሩት፤ ቀጥሎም ከዓይናማ ልጆች ጋር ከመንደሩ ትምህርት ቤት ተቀምጦ በጆሮው እየሰማ ይማር ጀመር። በሀገራችን ዜማውንና ቅኔውን በቃል የተቀበሉትን ዕውራን ሊቃውንት የሚያውቅ ሰው፥ ጆሮና ልብ ምን ያህል ሊይዙ እንደሚችሉ ያስተውላል። ነገር ግን በጆሮ ብቻ የተማረ ሰው ሁልጊዜ የሚያነብለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል፤ አንባቢው በሄደ ጊዜ መጽሐፉ ዝግ ነው።

በ1819 ዓመት፥ ዐሥር ዓመት ሲሆነው፥ ሉዊስ በፓሪስ ወደሚገኘው የዕውራን ወጣቶች ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው ቫላንታን አዊ፥ የተለመደውን ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ ጎልቶ እንዲወጣ አድርጎ በማተም፥ ዕውራን በጣት ዳስሰው እንዲያነቡ ያደረገ በጎ ሰው ነበረ። ይሁን እንጂ ፊደላቱ ትልልቅ፥ መጻሕፍቱም ከባድና ጥቂት ነበሩ፤ እያንዳንዱን ፊደል ዙሪያውን ዳስሶ መለየትም ረዥም ጊዜ ይወስድ ነበር። ከሁሉም ይልቅ፥ ዓይነ ስውሩ የልቡን አሳብ በዚህ ስልት በራሱ እጅ ለመጻፍ እጅግ ይቸግረው ነበር።

በ1821 ዓመት ሻርል ባርቢዬ የሚባል፥ ቀድሞ የመድፈኛ መኰንን የነበረ ሰው፥ ጎልተው በሚወጡ ነጥቦች የሚጻፍ ስልት ለትምህርት ቤቱ አቀረበ። ጣት ከመስመር ይልቅ ነጥብን ፈጥኖ ያውቃል። ዳሩ ግን የባርቢዬ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ስለሚደርስ በአንድ ንክኪ አይያዝም፤ የቃሉን ድምፅ እንጂ ትክክለኛውን የፊደል አጻጻፍ አያሳይም ነበር። ሉዊስ ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበረ። የጐደለውን ነገር ያወቀው ከማንም ሰምቶ ሳይሆን በገዛ ጣቱ ነው። ወረቀት እየበሳ፥ እየዳሰሰ፥ እያፈረሰም እንደ ገና እየጀመረ ደከመበት፤ በ1824 ዓመት፥ 15 ዓመት ሲሆነው፥ ሥራውን በአብዛኛው ፈጸመ።

ስልቱም እንዲህ ነው። 12ቱን ነጥቦች ወደ 6 አወረዳቸው፤ ቁመቱ ሦስት፥ ወርዱ ሁለት ነጥብ ሆኖ ምልክቱ ከጣት ጫፍ አይበልጥም። ከእነዚህም 63 ልዩ ልዩ ምልክቶች ይወጣሉ፤ ፊደልም፥ ቍጥርም፥ የሙዚቃ ኖታም በእነርሱ ይጻፋል። ለመጻፍ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ያለው ሰሌዳና ሹል ብረት ብቻ ነው። ዓይኑን ያጠፋው ስለት ነበረ፤ ለብዙዎች መጽሐፍን የከፈተውም ሹል ብረት ሆነ። በ1829 ዓመት ስልቱን በመጽሐፍ አሳትሞ ገለጠ።

ሉዊስ በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናትም ኦርጋን ይመታ ነበር። በ1839 ዓመት ደግሞ ዓይነ ስውር ለዓይናማ ደብዳቤ የሚጽፍበትን፥ የተለመደውን ፊደል በነጥብ የሚሥል ሌላ ስልት አወጣ። የሳንባ ነቀርሳ ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ ያደክመው ነበር።

ስልቱም ቶሎ አልተወደደም። በ1840 ዓመት የትምህርት ቤቱ አለቃ ተለወጠ፤ አዲሱ አለቃ ዱፎም የነጥቡን ጽሕፈት ከለከለ። ነጥቦቹ ከዓይናማው ፊደል ስለ ተለዩ፥ ዕውራኑን ከሌላው ሰው ይለያሉ የሚል አሳብ በዓይናሞች ዘንድ ነበረና። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ በገዛ ዓይናቸው መዝነው በሌላው ጣት ላይ ፈረዱ እንጂ። ተማሪዎቹ ግን የሚጠቅማቸውን ያውቁ ነበርና በስውር ይጽፉበት ነበር። በመጨረሻ የአለቃው ምክትል ጋዴ የተማሪዎቹን ነገር ሰምቶ ረዳቸው፤ በ1844 ዓመት አዲሱ ሕንፃ ሲመረቅም ስልቱ በሕዝብ ፊት ተመሰከረለት።

ሉዊስ ብሬል በጃንዋሪ 6 ቀን 1852 ዓመት፥ 43 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን ዐረፈ። ሳይከፈት እንዲቃጠል ያዘዘው አንድ ሣጥን ነበረ፤ ወዳጆቹ ቢከፍቱት፥ ለተማሪዎቹ ያበደረው ገንዘብ የብድር ወረቀት ተገኘበት ይባላል። ባለዕዳዎቹ እንዳያፍሩ ዕዳቸውን ከስማቸው ጋር ሊያጠፋላቸው ፈልጎ ነበር።

ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1854 ዓመት፥ ትምህርት ቤቱ ስልቱን በይፋ ተቀበለ። በ1952 ዓመት ዐፅሙ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዎን ሲፈልስ፥ እጆቹ ግን በኩቭሬ ቀሩ። ዛሬ አማርኛችንም በእነዚያ 6 ነጥቦች ይጻፋል፤ መጀመሪያ ተነባቢው፥ ቀጥሎ አናባቢው ይመጣል። ከኮምፒውተር ጋር ተያይዘው ነጥቦችን ከጣት በታች የሚያነሡና የሚያወርዱ መሣሪያዎችም የቆሙት በእርሱ መሠረት ላይ ነው።

እንግዲህ፥ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፤ ከጎረቤትህ ወይም ከጎረቤትሽ ዓይነ ስውር ልጅ ቢኖር፥ ከምጽዋቱ በፊት ጥያቄው ይቅደም። ምን ልትማር ትወዳለህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያላገኘ ስንት ብሬል በየጓዳው ተቀምጦ ይሆን? እጁን ይዞ መንገድ ማሻገር መልካም ነው፤ በገዛ እጁ የሚያነብበትን ማስተማር ግን ከዚያ ይበልጣል።