ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ እግሩ ሲከዳው በክንዱ የተፎካከረው ጀግና



ደብረ ማርቆስ ላይ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተሰባስበን ስፖርት የምንሠራ ጥቂት ወንድሞች ነን። መሣሪያችን ብዙ አይደለም። ሲሚንቶ የተሞሉ ሁለት የቀለም ጣሳዎች በብረት ቱቦ ተያይዘው ክብደት ማንሻ ሆነውልናል፤ ፑሽአፕ ደግሞ ከመሬት በቀር ምንም አይጠይቅም። ችግራችን የመሣሪያ እጥረት ሳይሆን መጽናት አለመቻላችን ነው። ሐምሌ ገብቶ ብርዱና ጭጋጉ ሲበረታ ቁጥራችን ይመናመናል። አንዱ ጉልበቱን አሞት ይቀራል፤ ሌላው በሰውነቱ ላይ ለውጥ ስላላየ ይሰለቻል። ሞራል ፍለጋ በስልካችን የምንከፍተው ቪዲዮ ጡንቻው ያበጠ የውጭ አገር ጎረምሳ የሚታይበት ነው። ለሁለት ቀን ያነቃቃናል፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሰን ብርድ ልብሳችን ውስጥ ነን።

ስለዚህ የአንድ የአገራችንን ሰው ሕይወት መለስ ብለን ብናይ ይጠቅመናል ብለን አሰብን። ሰውየው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን የታሪኩን የመጀመሪያ ግማሽ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን ብቻ ነው። ክብደት ለማንሳት ለሚታገል ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለተኛው ግማሽ ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከእኛ ከአባይ ማዶ፣ ሸዋ ውስጥ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ለሩጫ ሲያዘጋጁት ዕድሜው ገፋ ብሎ ነበር፤ ሮም ኦሎምፒክ ላይ ሲሰለፍ 28 ዓመት ሞልቶታል።

የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመታችን ዋዜማ ነበር። ሩጫው ወደ ማታ ተጀምሮ ጨለማ ውስጥ ስለተጠናቀቀ መንገዱን የሚያበሩት ችቦ የያዙ ወታደሮች ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከፊት የቀሩት ሁለት አፍሪካውያን ብቻ ናቸው፤ አንዱ አበበ፣ ሌላው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን ዐብደሰላም። መንገዱ በዚያን ጊዜ ሮም ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት በኩል ያልፍ ነበር። አበበ ወደ ፍጻሜው ሞሮኳዊውን ጥሎት ሄደና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ራዲ 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ሁለተኛ ሆነ። አበበም ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት ለመሆን በቃ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ድል አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ የቦስተን ማራቶን 5ኛ ወጣ። የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ደግሞ ትርፍ አንጀቱ ታሞ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ይህ ሁሉ ሆኖ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን ሯጭ ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ፤ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መስመሩን እንዳለፈ ሌሎች ሯጮች በድካም የሚወድቁበት ሣር ላይ ተንጋሎ እግሩን እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ተመልካቹን ያስገረመው ይህ ትዕይንት ልፋቱ በእግሩ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል፤ የተሠራው መላ ሰውነቱ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ ሜክሲኮ ላይ እግሩን ታሞ ውድድሩን አቋረጠ፤ ወርቁን የወሰደው የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከቶኪዮው ድል በኋላ በሽልማት ያገኛት ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠችበት። ከመኪናዋ የወጣው ሲነጋ ነው። አከርካሪው ተጎድቶ ስለነበር በመጀመሪያ እጆቹም እግሮቹም አልታዘዝ አሉት። ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም።

ለሕክምና የተወሰደው እንግሊዝ ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነበር። በዚያ የአከርካሪ ሕክምና ማዕከሉን ያቋቋሙት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን እንደ መድኃኒት የሚጠቀሙ ሐኪም ነበሩ፤ የዛሬው ፓራሊምፒክም ከእርሳቸው ውድድሮች የተወለደ ነው። እግሩ የማይሠራ ሰው ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር የሚሻገረውም፣ ጎማውን የሚገፋውም በክንዱና በትከሻው ስለሆነ የላይኛውን ሰውነት ማጠንከር የሕክምናው ዋና ክፍል ነበር። ቀስት መወርወር ይህን ስለሚያደርግ ከተመረጡት ስፖርቶች አንዱ ሆነ።

አበበ በሕክምናው እጆቹ ተመለሱለት፤ እርሱም በእነርሱ ሥራ ጀመረ። ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው በማያውቀው ስፖርት ጀማሪ ለመሆን አላፈረም። በ1970 እ.ኤ.አ. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ላይ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር በእንግድነት ተጋብዞ ሳለ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተሽቀዳድሞ አሸነፈ። በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሆኖ የክብር እንግዳ ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የጭንቅላት ደም መፍሰስ ሕይወቱ አለፈ።

አበበ ክርስቲያን ነበር። ስለ አደጋው ሲጠየቅ ድሉም ጉዳቱም ከፈጣሪ ፈቃድ እንደመጣ፣ ያንን እንደተቀበለ ሁሉ ይህንንም እንደሚቀበል ይናገር ነበር። እኛ ሙስሊሞች በቀደር ማመንን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ አድርገን እናስተምራለን። ሆኖም ብዙ ጊዜ ቀደርን የምናነሳው ለመቀመጥ ነው፤ ከታመምን፣ ከደከመን፣ ካልተሳካልን አላህ የወሰነው ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀራለን። ሶብር ግን እጅ ማጣጠፍ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ግመልን አስሮ ከዚያ በአላህ መመካትን አስተምረዋል። ብርቱ አማኝ ከደካማው አላህ ዘንድ ይበልጥ ተወዳጅ መሆኑን፣ በሁለቱም ውስጥ መልካም ነገር መኖሩን ነግረውናል። ቀስት የሚወረውሩ ሰዎችን ሲያዩም አበረታተዋል። የአበበ እጆች የለመዱት ያንኑ ቀስት መሆኑን ስናስብ ታሪኩ ይበልጥ ይቀርበናል።

እንግዲህ ከአትሌት ጽናት ሞራል መውሰድ ማለት ሜዳሊያውን አይቶ መቃጠል ብቻ አይደለም። ሜዳሊያው የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። መጠየቅ ያለብን፣ ሰውየው ያለው ነገር ሲወሰድበት በቀረው ምን ሠራ? የሚለውን ነው። ጉልበቱን ያመመው ወንድማችን ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ እስኪሻለው ግን ክንዱ አልታመመምና ተቀምጦ ጣሳውን ማንሳት ይችላል። ለውጥ ያላየው ወንድም ዛሬ ስንት ጊዜ እንዳነሳ ይጻፍ፤ ከወር በኋላ ከራሱ ጋር ያወዳድር እንጂ ስልኩ ላይ ካለው ጎረምሳ ጋር አይፎካከር። ብርዱ ሲበረታ የሚቀረው ደግሞ ለሱብሒ ከተነሳ ከባዱን ክብደት አስቀድሞ አንስቷልና የቀረው ቀላል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን እንበል። በየመስጂዳችን በክራንች የሚመጡ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉ ወንድሞች አሉን። ሰላምታ ሰጥተናቸው፣ ዱዓ አድርገንላቸው እናልፋለን እንጂ ነገ ጠዋት ስፖርት እንሥራ ብለን ጋብዘናቸው አናውቅም። የአበበን ታሪክ ካነበብን በኋላ ግን ምክንያት የለንም። ጣሳዎቹ ለእነርሱም ይበቃሉ።

አላህ (ሱ.ወ) የሰጠንን ጉልበት በመልካም የምንጠቀምበት፣ ሲወስደውም በቀረው የምንጸና ያድርገን። አሚን።