የኡላም ካርታ

ፕሮግራሚንግ ለሚማሩ ወጣቶች የማጠቃለያ ፕሮጀክት ስሰጥ ከዝርዝሩ ውስጥ የካርታ ጨዋታ አስመሳይ ጠፍቶ አያውቅም። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። 52ቱን ካርታ ትደረድራለህ፣ ትበውዛለህ፣ ታድላለህ፣ በጨዋታው ሕግ መሠረት ታጫውታለህ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ብቻውን አሥር ሺህ ጊዜ ይጫወትና ስንቱን እንዳሸነፈ ይነግርሃል። ታዲያ በየዓመቱ አንድ ሁለት ወላጅ ቅር ይለዋል፤ ለትምህርት የላከው ልጁ ቁማር ይዞበት ቤት ገባ። ተማሪውም ቢሆን ያፍራል። ጓደኛው የፋርማሲ ሲስተም ሲሠራ እሱ ካርታ ሲበውዝ መታየቱ ይከብደዋል። እኔ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ የአንድ ሰው ሕይወት እተርክላቸዋለሁ። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ላውጋችሁ።

ስታኒስላው ኡላም የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ከተማዋ ያኔ ሌምበርግ ትባል ነበር፣ በኦስትሪያና ሃንጋሪ ግዛት ሥር። በኋላ የፖላንድ ሆነች፤ ዛሬ የዩክሬኗ ልቪቭ ናት። አባቱ ጠበቃ ነበር፣ ቤተሰቡም ኑሮው የተደላደለ የአይሁድ ቤተሰብ። ልጁ በከተማዋ ፖሊቴክኒክ ሒሳብ ተምሮ በ1933 ዶክትሬቱን ሲይዝ ገና 24 ዓመቱ ነው።

እውነተኛ ትምህርት ቤቱ ግን ቡና ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስኮትላንዳዊው ካፌ በሚባል ቤት ስቴፋን ባናኽን የመሳሰሉ ሊቃውንት ይሰበሰባሉ። እኛ ቡና ላይ ሰው እንደምናማ እነሱ የሒሳብ ጥያቄ ያነሳሉ ይጥላሉ። የጻፉት እየጠፋ ሲያስቸግር የባናኽ ባለቤት አንድ ወፍራም ደብተር ገዛችላቸው። ጥያቄው እዚያ ላይ ይሰፍራል፣ ለመለሰም ሽልማት ይቆረጥለታል። አንደኛው ሽልማት በሕይወት ያለ ዝይ ነበር፤ መላሹ ዝዩን የተረከበው ብዙ ዘመን አልፎ በ1972 ነው። ኡላም በጨዋታና በቁም ነገር መካከል አጥር እንደሌለ የተማረው ከዚህ ጠረጴዛ ይመስለኛል።

በ1935 ጆን ፎን ኖይማን ወደ አሜሪካ ጋበዘው፤ ቀጥሎ ሃርቫርድ ገባ። በየክረምቱ አገሩ ይመለስ ነበር። በ1939 ነሐሴ ላይ የ17 ዓመት ታናሽ ወንድሙን አዳምን ይዞ ከግዲኒያ ወደብ በመርከብ ተነሣ። አባቱና አጎቱ ወደቡ ድረስ ሸኟቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጀርመን ፖላንድን ወረረች። አባቱንና እህቱን ጨምሮ እዚያ የቀሩት ዘመዶቹ አብዛኞቹ በናዚዎች እልቂት አለቁ። ስለ ዕድል ስሌት ዓለም የሚያውቀው ሰው በሕይወት የተረፈው በመርከብ መነሻ ቀን ነው ማለት ይቻላል።

በጦርነቱ ጊዜ የአቶሚክ ቦምብ ወደሚሠራበት ወደ ሎስ አላሞስ ተጠራ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሎስ አንጀለስ ማስተማር ጀመረ። በ1946 መጀመሪያ ላይ በድንገት የአንጎል ብግነት ጣለው። መናገር አቃተው፤ ሐኪሞች የራስ ቅሉን ከፍተው ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ዳነ። ግን በጭንቅላቱ እንጀራ ለሚበላ ሰው ከሞት የማይተናነስ ፍርሃት ቀረበት፤ አእምሮዬ እንደ ድሮው ይሠራ ይሆን? ወዳጁ ፖል ኤርዶሽ ሊጠይቀው መጥቶ ቼዝ ገጠሙ። ኡላም አሸነፈ። አዝኖልኝ ነው የለቀቀልኝ ብሎ ጠረጠረ። ደገሙ፣ አሁንም አሸነፈ፤ ይብቃን ደክሞኛል ያለው ኤርዶሽ ሆነ። ያኔ ትንሽ ልቡ ተመለሰ።

በማገገሚያው ሳምንታት ጊዜውን የሚገፋው ካንፊልድ በሚባል የብቻ ካርታ ነበር፤ በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ የምናውቀው ሶሊቴር ዘመድ ነው። ሲጫወት አንድ ጥያቄ መጣበት። ካርታው ተበውዞ ሲዘረጋ ጨዋታው የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው? በቀመር ሊያሰላው ሞከረ። አልሆነም። 52 ካርታ የሚደረደርበት መንገድ ብዛት 8 ጽፋችሁ ከኋላው 67 ዜሮ የምትጨምሩበት ያህል ነው። ከዚያ እንደ ልጅ አሰበ። ምን አደከመኝ፣ መቶ ጊዜ ዘርግቼ የወጣውን ብቆጥርስ?

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ማንም ባላስታወሰው። ኡላም ግን ጥያቄውን ከካርታው ወደ ኒውትሮን አሻገረው። ኒውትሮን በዩራኒየም ውስጥ ሲሄድ የት ድረስ ይሄዳል፣ ከምን ይጋጫል፣ ይነጥራል ወይስ ይዋጣል ወይስ ሌላ አቶም ይሰነጥቃል? እያንዳንዱ እርምጃ እንደተገለጠ ካርታ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ኒውትሮኖችን አስመስሎ ማጫወትና ውጤቱን መቁጠር ይቻላል። ቆጣሪው ደግሞ ተገኝቷል። ኤኒያክ የተባለው፣ ወደ 18 ሺህ ቫኪዩም ቲዩብ ተሸክሞ 30 ቶን ገደማ የሚመዝነው ኮምፒውተር በዚያው ዓመት ለሕዝብ ተዋውቆ ነበር። ኡላም ሐሳቡን ለፎን ኖይማን ነገረው፤ እሱም በ1947 ዝርዝር ዕቅድ አወጣለት። በ1948 ኤኒያክ ላይ ሠራ። ኮዱን ከጻፉት አንዷ የፎን ኖይማን ባለቤት ክላራ ነበረች፤ ይህን ለሴት ተማሪዎቼ ሳልነግር አላልፍም። ስሙን ያወጣው የሥራ ባልደረባቸው ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ ነው፤ ከዘመድ ገንዘብ እየተበደረ ሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት የሚሄድ አጎት ኡላም ነበረውና፣ ሞንቴ ካርሎ ዘዴ አለው።

ተማሪው የሚጽፈው ፕሮግራም ከዚህ የተለየ አይደለም። እንደ ኡላም ሁለት ነገር ይማርበታል። አንደኛው ትዕግሥት ነው። መቶ ጨዋታ ብቻ ከተቆጠረ ግምቱ በ10 ፐርሰንት ገደማ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፤ አሥር ሺህ ሲቆጠር ወደ 1 ፐርሰንት ይወርዳል። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ ድካሙን አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ነው።

ሁለተኛው ታማኝነት ነው። ሦስት ካርታ ብቻ ውሰዱ፤ በ6 መንገድ ይደረደራሉ። ብዙ ጀማሪ የሚጽፈው መበወዣ እያንዳንዱን ካርታ ከሦስቱ ካጋጠመው ጋር ያቀያይራል። ይህ 3 በ3 በ3፣ 27 መንገድ ይሆናል። 27 ደግሞ ለ6 እኩል አይካፈልም። ስለዚህ አንዳንዱ አደራደር 4 ጊዜ ሲመጣ ሌላው 5 ጊዜ ይመጣል፤ ካርታው ሳይታወቅ ያዳላል ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ከመጨረሻው ካርታ ጀምሮ እያንዳንዱን ከራሱ ወይም ከፊቱ ከቀሩት ካንዱ ጋር ብቻ ማቀያየር ነው። 3 በ2 በ1፣ 6። ፕሮግራሙ በሁለቱም መንገድ ይሮጣል፣ ስክሪኑም ላይ ቁጥር ይወጣል። ልዩነቱን የሚያውቀው የጻፈው ብቻ ነው።

የኡላምን ሕይወት ግን አጣፍጬ አልጨርሰውም። ወደ ሎስ አላሞስ ተመልሶ ኤድዋርድ ቴለር ያቀደው የሃይድሮጂን ቦምብ እንደማይሠራ ከባልደረባው ጋር በእጅ አስልቶ አሳየ። በ1951 ደግሞ የሚሠራበትን መንገድ ያሰበው ራሱ ኡላም ነው፤ ከቴለር ጋር አዳበሩት። በ1952 ኅዳር በፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞከር ኤሉገላብ የምትባለው ደሴት ከነአፈሯ ጠፋች። ቤተሰቡን በእልቂት ያጣ ሰው ነው ይህን የሠራው። ከሕመም አልጋ ላይ የተጀመረው ዘዴም ከቦምቡ ቤት ወጥቶ ዛሬ ለካንሰር ሕመምተኛ የሚሰጠውን የጨረር መጠን ለማስላት ያገለግላል። ያው መበወዝ፣ ያው መቁጠር ነው። ምን እንደሚቆጠርና ለማን እንደሚቆጠር ግን ካርታው አይነግርህም።

ኡላም በ1984 ሳንታ ፌ ውስጥ አረፈ። ይህን ካወራሁ በኋላ ካርታ በመበወዙ የሚያፍር ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። ቅር ላላችሁ ወላጆችም አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ ማታ ካርታ ሲበውዝ ብታገኙት ስንት አሸነፍክ ብላችሁ አትለፉት፤ መበወዣህ አያዳላም ወይ ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው ከቁማር ርቋል።