ድንችን ያስከበረው ሰው

አንቷን ፓርማንቲዬ እ.ኤ.አ. በ1737 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ፥ ሞንዲዲዬ በምትባል ከተማ ተወለደ። መድኃኒት ቀማሚ ሆኖ ከሠራዊቱ ጋር በዘመተበት በሰባቱ ዓመት ጦርነት (1756–1763) በፕሩሲያ ወታደሮች ተማርኮ ታሰረ። በእስር ቤት ይሰጠው የነበረው ቀለብ ድንች ነበር። በዚያን ዘመን አብዛኛው የፈረንሳይ ሕዝብ ድንችን የአሳማ መኖ ነው እያለ ይንቀው፥ የሥጋ ደዌ ያመጣል እያለም ይፈራው ነበር። ፓርማንቲዬ ግን ድንች እየበላ በጤና ሰንብቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

የእህል ምርት በተጓደለ ቁጥር ሕዝቡ በረሃብ ይሠቃይ ስለ ነበር፥ ፓርማንቲዬ የድንችን ጠቃሚነት በጥናት ለማስረዳት ተነሣ። ይሁን እንጂ ሥር የሰደደው ጥርጣሬ በጽሑፍ ብቻ አልተወገደም። ስለዚህ በ1789 ከፈነዳው አብዮት ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፥ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በፈቀደለት፥ በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኝ አሸዋማ መሬት ላይ ድንች ተከለ። እንደሚነገረው፥ ማሳውን ቀን ቀን በወታደሮች ያስጠብቅ፥ ሌሊት ግን ጠባቂዎቹን ያነሣ ነበር። ሰዎችም ይህን ያህል የሚጠበቅ ተክል ዋጋ ያለው መሆን አለበት ብለው በጨለማ እየሰረቁ በየጓሯቸው ተከሉት።

ፓርማንቲዬ በ1813 ዓ.ም. በፓሪስ አረፈ። ሕዝብን ከረሃብ ለማዳን ላደረገው ጥረት መታሰቢያ፥ መቃብሩን የሚጎበኙ ሰዎች ዛሬም ድንች ያኖሩበታል።