ደጋን የሌለው ቫዮሊን፦ የፒት ክላይኖው ሕይወትና ሙያ

አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ከለመድነው ድምፅ ወጥቶ የሌላ መሣሪያ ጠባይ ሲያሳይ አድማጩ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን ነገሩን እንደ ዕድገት ቆጥሮ ይቀበለዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ እንደ ብልሽት ቆጥሮ ያዝንበታል። የኤሌክትሪክ ማጉያ ወደ ሙዚቃው ዓለም ከገባ ወዲህ ይህ ክርክር በባለሙያዎች መካከል ሳይነሣ የቀረበት ዘመን የለም። የክርክሩም ሥር አንድ ነው፤ ይኸውም ማሽኑ የእጅን ጥበብ ያግዛል ወይስ ይተካል የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ በንግግር ሳይሆን በሥራው መልስ ከሰጡት ሰዎች አንዱ «ስኒኪ ፒት» በሚል ቅጽል ስም የታወቀው አሜሪካዊው የፔዳል ስቲል ጊታር ተጫዋች ፒት ክላይኖው ነው። ስኒኪ ማለት ሹልክ ባይ እንደ ማለት ሲሆን፣ ሰውየው ግን ሹልክ ያለው ከሥራ ሳይሆን ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው ነበር።

ክላይኖው በኢንዲያና ግዛት በሳውዝ ቤንድ ከተማ እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 1934 ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ስቲል ጊታር መማር የጀመረው በ17 ዓመት ዕድሜው ነበር። ይሁን እንጂ ሙዚቃው ወዲያው እንጀራ አልሆነለትም። በሚችጋን ግዛት በመንገድ ጥገና ሥራ ላይ ተሰማርቶ ቆየና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገረ። በዚያም ቀን ቀን በፊልም ሥራ፣ ማታ ማታ ደግሞ በምሽት ክበቦች በስቲል ጊታር መተዳደር ጀመረ።

የቀኑ ሥራው ዓይነት ለታሪኩ አስፈላጊ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል። ክላይኖው አሻንጉሊቶችን በካሜራ ፊት ሕይወት የሚሰጥ ባለሙያ ነበር። አሻንጉሊቱ ለዓይን እስከማይታወቅ ድረስ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ሥዕል ይነሣል፤ እንደገና በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላ ሥዕል ይነሣል። በፊልም ላይ አንድ ሴኮንድ የሚሞላው በ24 ሥዕል ነው። በመሆኑም ተመልካቹ በአንድ ትንፋሽ የሚያየው እንቅስቃሴ ለሠሪው የሰዓታት ድካም ነው። «ጋምቢ» የተባለው የልጆች ተከታታይ ፊልምና በ1964 የወጣው «የዶክተር ላኦ 7 ፊቶች» የተባለው ፊልም ክላይኖው ከተካፈለባቸው ሥራዎች መካከል ናቸው። ሕይወት የሌለውን ነገር በትዕግሥት ሕያው አስመስሎ ማሳየትን የተማረው በዚህ ሥራ ነው።

የማታ ሥራው መሣሪያ የሆነው ፔዳል ስቲል ጊታር ደግሞ ተጫዋቹ በፊቱ እንደ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጦ የሚጫወተው ነው። ቀኝ እጅ አውታሮቹን ይመታል፤ ግራ እጅ ክብደት ያለው የብረት ዘንግ ይዞ በአውታሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ እግርና ጉልበት ደግሞ ፔዳሎችንና ማንሻዎችን እየገፉ ድምፁ ገና ሳይጠፋ የአውታሩን ውጥረት ይለውጣሉ። ይህ የመጨረሻው ብልሃት በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በ1954 ባድ አይዛክስ ከዘፋኙ ዌብ ፒርስ ጋር በተጫወተበት «ስሎውሊ» በተባለው ዘፈን ነው። ከዚያ ወዲህ የናሽቪል ስቱዲዮዎች ተጫዋቾች መሣሪያውን ወደ ጠራ፣ እንደ ብርጭቆ ወደሚያንጸባርቅ ድምፅ አደረሱት። ክላይኖው ግን አብዛኞቹ ባልደረቦቹ ከያዙት ባለ 10 አውታር መሣሪያ ይልቅ የፌንደር ፋብሪካ ሥራ የሆነውን ባለ 8 አውታር ጊታር መረጠ።

ከዚህ ላይ ስቲል ጊታርና ቫዮሊን ምን ያህል እንደሚቀራረቡና በምን እንደሚለያዩ መመልከት ያስፈልጋል። ሁለቱም በአንገታቸው ላይ ጣትን በተወሰነ ስፍራ የሚያግድ የብረት መከፋፈያ የላቸውም፤ ስለዚህ ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተትና ድምፁን ማርገብገብ ለሁለቱም ተፈጥሯቸው ነው። የሚለያያቸው የድምፁ አወላለድ ነው። ለእኛ አገር አንባቢ ክራርንና መሰንቆን ማስታወስ ይበቃል። ክራር ሲመታ ድምፁ በምት ይጀምርና ወዲያው እየሳሳ ይሄዳል። መሰንቆ ግን ደጋኑ እስከተሳበ ድረስ ድምፁ ይኖራል። ደጋን አውታሩን ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፤ አንድ የቫዮሊን አውታር በሴኮንድ 440 ጊዜ ሲርገበገብ ይህ መያዝና መልቀቅ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይፈጸማል። የሚወጣው ሞገድ እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ ስለሆነ ዋናውን ድምፅ የሚደርቡት ሃርሞኒኮች ይበዙበታል። እንግዲህ ስቲል ጊታርን ወደ ቫዮሊን ለማቅረብ የሚሻ ሰው ሦስት ሥራ ይጠብቀዋል፤ የመነሻውን ምት ማለዘብ፣ ድምፁ እንዳይሳሳ ማድረግና ሃርሞኒኮቹን ማብዛት።

ለመጀመሪያው ሥራ መልሱ አስቀድሞ በተጫዋቹ እግር ሥር ነበር። የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያውን ፔዳል ዘግቶ አውታሩን መምታትና ምቱ ካለፈ በኋላ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መክፈት ድምፁን ከባዶ እንደሚነሣ ያስመስለዋል። የቀሩትን ሁለቱን የፈታው ፈዝ የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ አመጣጡ ከብልሽት ነው። በ1960 ናሽቪል ውስጥ ማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ወሪ» የተባለውን ዘፈን ሲቀዳ የስቱዲዮው የድምፅ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አንዱ መስመር ተበላሸና ግሬዲ ማርቲን የተጫወተው የባስ ጊታር ድምፅ እንደ ንብ የሚያጉረመርም ሆኖ ተቀዳ። ባለሙያዎቹ ሊጥሉት ሲገባ ወደዱትና እንዳለ ተዉት። መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ያንኑ ድምፅ በትራንዚስተር አስመስሎ ሠራ፤ የጊብሰን ፋብሪካም በ1962 ማኤስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ለገበያ አቀረበው። መሣሪያው ለሽያጭ ሲቀርብ ጊታርን የነሐስ መሣሪያና ባለ ደጋን መሣሪያ ለማስመሰል እንደሚያገለግል መነገሩ ለርእሳችን የሚጠቅም ምስክርነት ነው።

የፈዝ አሠራር ውስብስብ አይደለም። ከጊታሩ የሚመጣው ሞገድ ትራንዚስተሩ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ እንዲጎላ ይደረጋል፤ የሞገዱም ጫፍ እንደ ቤት ጣራ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ክብ የነበረው ሞገድ ማዕዘን ሲያወጣ አዳዲስ ሃርሞኒኮች ይወለዳሉ። ከዚህም ጋር የአውታሩ ኃይል እየደከመ ቢሄድም ሞገዱ ከጣራው እስከደረሰ ድረስ የሚሰማው ድምፅ መጠን ያው ነው። ስለዚህ የሚሳሳው ድምፅ እንደ ተሳበ ደጋን ረጅም ይሆናል። ፈዙ ከድምፅ ፔዳሉ በፊት ሲገጠም ፔዳሉ እንደ ደጋን ክንድ ድምፁን ያነሣል፣ ይጥላል፤ ከፔዳሉ በኋላ ሲገጠም ግን ያ መነሣትና መውደቅ በጣራው ተጨፍልቆ ብዙውን ይጠፋል።

ክላይኖው ይህን ሁሉ በአደባባይ የሚያሳይበት ዕድል የመጣለት በ1968 ነው። ግራም ፓርሰንስና ክሪስ ሂልማን «ዘ በርድስ» ከተባለው የሙዚቃ ቡድን ወጥተው፣ ከባስ ተጫዋቹ ከክሪስ ኤትሪጅና ከክላይኖው ጋር «ዘ ፍላይንግ ቡሪቶ ብራዘርስ» የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ዓላማቸው የገጠሩን የካንትሪ ሙዚቃ ከሮክ ጋር ማዋሐድ ነበር። በ1969 በወጣው «ዘ ጊልድድ ፓላስ ኦቭ ሲን» በተባለው የመጀመሪያ ሸክላቸው ላይ በሮክ ቡድኖች ዘንድ እንደተለመደው ፊት ቀዳሚ የሆነ የኤሌክትሪክ ጊታር አልነበረም፤ ያንን ስፍራ የያዘው ስቲል ጊታር ነው። ሸክሙም በክላይኖው ትከሻ ላይ ወደቀ።

ክላይኖው ለዚህ ሸክም ፈዙን ጠራ። «ክሪስቲንስ ቲዩን» እና «ሆት ቡሪቶ ቁጥር 2» በተባሉት ዘፈኖች ላይ ስቲል ጊታሩ በፈዝ ሲያልፍ ይሰማል። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ሁልጊዜ ቫዮሊን አይመስልም፤ አንዳንዴ የተቈጣ ንብ፣ አንዳንዴም የነሐስ መሣሪያ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ድምፅ ረዝሞ ሲያዝና ዘንጉ ከታች ወደ ላይ ሲንሸራተት ጆሮ ደጋን ይፈልጋል። ፈዙ የራሱ ወሰን ደግሞ አለው። አራት አውታሮች በአንድ ጊዜ ቢመቱ ሞገዶቹ በጣራው ሥር ይጋጩና በአውታሮቹ ላይ ያልነበሩ ባዕዳን ድምፆች ይፈጠራሉ፤ ውጤቱም ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ በፈዝ የሚጫወት ሰው እንደ ቫዮሊን ተጫዋች አንድ መስመር ብቻ፣ ቢበዛም ሁለት ተስማሚ ድምፆች ይዞ መሄድ አለበት። በስቱዲዮ ግን አንዱን መስመር በሌላው ላይ መደረብ ይቻላል፤ በዚያ ሸክላ ላይም የክላይኖው ስቲል ጊታር በተደራራቢ ቅጂ በርክቶ ይሰማል። አንዱን ሥዕል በአንዱ ላይ ሲያክል ለኖረ ሰው ይህ እንግዳ ሥራ አልነበረም።

ሸክላው በሽያጭ አልቀናውም፤ በቢልቦርድ ሠንጠረዥ ከ164ኛ ደረጃ አላለፈም። ለካንትሪ ወዳጆች ሮክ በዛበት፤ ለሮክ ወዳጆች ካንትሪ በዛበት። በሸክላው ሽፋን ላይ ጓደኞቹ ኑዲ ኮን የተባለው ስመ ጥር ልብስ ሰፊ ባጌጠላቸው ልብስ ሲታዩ፣ በክላይኖው ጥቁር ልብስ ላይ የተጠለፈው በጥንተ ዘመን ይበር የነበረ ክንፋም እንስሳ ነበር። የቀኑ ሙያው በማታ ልብሱ ላይ ታተመ ማለት ይቻላል። ዝናው ግን ቀስ በቀስ አደገ፤ ሸክላው ካንትሪንና ሮክን ካዋሐዱት ሥራዎች እንደ መሠረት የሚቈጠረው ከዓመታት በኋላ ነው። ዝና ሲዘገይ ግን የቤት ኪራይ አይዘገይም። ክላይኖውም በ1971 ከቡድኑ ተለይቶ ወደ ስቱዲዮ ሥራ ገባ።

የስቱዲዮ ዘመኑ ማሽንን ለሚጠራጠሩ ሰዎች ጥሩ መልስ ይዟል። በዚያው በ1971 በወጣው «ብሉ» በተባለው የጆኒ ሚቸል ሸክላ ላይ «ካሊፎርኒያ» የተባለውን ዘፈን ስናዳምጥ ስቲል ጊታሩ ያለ አንዳች ሸካራነት፣ ከዘፋኟ ድምፅ ኋላ ኋላ በቀስታ ይከተላል። በ1972 ለፍራንክ ዛፓ፣ በ1973 ለጆን ሌነን፣ በ1974 ለስቲቪ ዋንደር ተጫውቷል። የእነዚህ ሰዎች ሙዚቃ እርስ በርሱ የማይገናኝ ሲሆን፣ ሁሉም ወደ አንድ ተጫዋች መምጣታቸው ይህ ሰው የተፈለገው ለሣጥኑ ሳይሆን ለጆሮው መሆኑን ያስረዳል። ፈዙን መቼ እንደሚረግጥ ያወቀ ሰው መቼ እንደማይረግጠውም ያውቅ ነበር።

ከዚያም ወደ ቀድሞው የፊልም ሙያው ተመለሰ። በ1983 ለቴሌቪዥን በቀረበው «የጦርነት ነፋሳት» በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ለሠሩት ልዩ ትእይንት ከባልደረቦቹ ጋር የኤሚ ሽልማት ተቀበለ። በ1984 በወጣው «ተርሚኔተር» በተባለው ፊልም ላይ ሥጋው ተቃጥሎ አጽሙ ብቻ የቀረው የብረት ሰው ሲራመድ ከኋላው ያለው እጅ የክላይኖው ነው። ጊታሩን ግን አልጣለም። በ2000 ከተቋቋመው «ቡሪቶ ደሉክስ» ከተባለው ቡድን ጋር በሽምግልናው መድረክ ላይ ወጥቷል። በመጨረሻም አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ከሁለቱም ሙያዎቹ አራቀው፤ ጃንዩዌሪ 6 ቀን 2007 በካሊፎርኒያ ግዛት በፔታሉማ ከተማ በ72 ዓመቱ ዐረፈ።

ለሙያ ባልደረቦች ከዚህ ሕይወት የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ይመስለናል። ፈዝ ለማንም ጊታር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ሞገዱን ይቈርጣል፣ ሃርሞኒክ ያበዛል፣ ድምፁን ያስረዝማል። ዘንጉ ከቅኝት አንድ ፀጉር ቢዛነፍ ግን ፈዝ ስሕተቱን አይሸፍንም፤ እንዲያውም አስረዝሞና አጉልቶ ያሰማዋል። የተጫዋቹ እጅ ሲርገበገብ፣ እግሩ ፔዳሉን ሲከፍት፣ ጆሮው የሚቀጥለውን ድምፅ ሲመርጥ ማሽኑ ከዚያ ስፍራ የለም። ክላይኖው ደጋን በሌለው መሣሪያ ደጋን እንዲሰማን ያደረገው ሣጥን ስለገዛ አይደለም፤ ሣጥኑን ማንም ይገዛው ነበር። በጨለማ ስቱዲዮ ውስጥ አሻንጉሊትን በጥቂት በጥቂቱ ሲያንቀሳቅስ የኖረ ሰው፣ ሕይወት የምትመጣው ከጥቂቱ ልዩነት መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።