ሰይጣንን የፈራው ንጉሥ፦ በጣና ደሴት ያረፈው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ

እዚህ ገጽ ላይ ያለነው ልጆች ሆረር ፊልም ሱስ ሆኖብናል። «ዘ ኤክሶርሲስት»ን፣ «ዘ ኮንጀሪንግ»ን መብራት አጥፍተን ነው ያየናቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ሰይጣኑ ፊቱን ካሳየ በኋላ ፍርሃታችን ይለቀናል። ከዚያ ወዲያ ሜካፕ ነው። ለእኛ ምርጡ ሆረር እንደ «ዘ ዊች» ያለው ነው፦ ጫካ ዳር የሚኖር አንድ ቤተሰብ እርስ በርሱ መጠራጠር ይጀምራል፣ እናት ልጇን ማመን ታቆማለች። ሰይጣኑ ብዙም አይለፋም፤ ሥራውን ሰዎቹ ራሳቸው ይሠሩለታል።

እንዲህ ያለ ታሪክ ፍለጋ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ከባሕር ዳር ጀልባ ይዛችሁ ጣና ላይ ለሰዓታት ብትጓዙ፣ ከደቅ አጠገብ ደጋ የምትባል በደን የተሸፈነች ደሴት አለች። የደጋ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ጉብታ ላይ ነው። የገዳሙ አባቶች የነገሥታትን አስከሬን በመስታወት ሣጥን ይጠብቃሉ፤ አንዱ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። (ፈላስፋውን አይደለም፣ እሱ ሌላ ሰው ነው። ኮሜንት ላይ እንዳንጨቃጨቅ ብለን ነው።)

ዘርዐ ያዕቆብ የዐፄ ዳዊት ልጅ ነው፣ በ1391 ዓ.ም ገደማ ተወለደ። ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች እየተፈራረቁ ሲነግሡ እሱ የነገሥታት ልጆች በሚታሰሩበት በአምባ ግሸን ነበር። በ1426 ዓ.ም ከዚያ አውርደው አነገሡት፣ 34 ዓመትም ገዛ።

ትልቅ ንጉሥ ነበር፣ ይሄን ማንም አይክድም። በ1438 ዓ.ም ጎሚት ላይ የአዳሉን ሱልጣን በድላይን አሸነፈ። ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት ከፍሎ የኖረውን የሰንበት ጭቅጭቅ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠርቶ ቋጨው። «መጽሐፈ ብርሃን» የእሱ ነው። ተአምረ ማርያም በየበዓሉ እንዲነበብ ያደረገም እሱ ነው። እዚያ ውስጥ 78 ሰው የበላውን የበላዔ ሰብን ታሪክ ልጅ ሆነን ስንሰማ ስንቶቻችን ነን ማታ ደጅ መውጣት የፈራነው? ያ የመጀመሪያ ሆረራችን ነበር።

አሁን ወደ ጨለማው እንግባ። ንጉሡ የማርያምን ሥዕልና መስቀልን አንሰግድላቸውም ያሉትን የደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት በድንጋይ አስወገረ። በዚያው ሰሞን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ዛሬ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች የሃሌ ጅራታም ኮከብ ነው ይላሉ። ንጉሡ ግን አምላክ ሥራዬን ወደደው ብሎ ተረጎመው፣ ቦታውንም ደብረ ብርሃን አለው፣ ከተማውን እዚያው ቆረቆረ።

በዚያ ቤተ መንግሥት ሌሊት ምን ይመስል እንደነበር ዜና መዋዕሉ ይነግረናል። ጠንቋዮች ሊያጠፉት ይፈልጋሉ ብሎ ስለሚሰጋ ካህናት ቀንም ሌሊትም ያለ እረፍት እየጸለዩ ግቢውን ጠበል ይረጩ ነበር። እኛ ፊልሙን ብንሠራው ሰይጣን የሚባል ነገር አናሳይም። ጨለማ፣ የዳዊት ንባብ፣ ግድግዳ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ፣ እንቅልፍ ያጣ አንድ ሰው። በቃ።

ፍርሃቱ ግን ግቢው ውስጥ አልቀረም። ሕዝቡ ሁሉ ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ ክንዶቹ ላይ ሰይጣንን የካደበትን ቃል ጽፎ እንዲሄድ ታዘዘ። ያልጻፈ ንብረቱ ይዘረፋል፣ ራሱም ይቀጣል። ማን ጣዖት አመለከ የሚል ጥቆማ እንደ ጉድ ይጎርፍ ጀመር። መጨረሻ ላይ ጥቆማው የንጉሡን እልፍኝ አንኳኳ። ደስክና ዲኖ የሚባሉ ጣዖታትን አምልከዋል ተብለው የገዛ ልጆቹ ተከሰሱ፣ ወንዶቹም ሴቶቹም። ገላውዴዎስ፣ ዓምደ ማርያም፣ ድል ሰምራ... ስማቸው ተጽፏል። አባታቸው ክፉኛ አስገረፋቸው፣ ከነሱ የሞቱ አሉ። ሕዝብ ሰብስቦም ለልጆቼ እንኳ አልራራሁም ሲል የግርፋቱን ቁስል አሳየ። «ዘ ሻይኒንግ» ላይ መጥረቢያ ይዞ ቤተሰቡን የሚያሳድደው አባት ቢያንስ ያበደ መሆኑ ያስታውቃል። ይሄኛው ግን ልክ እንደሆነ እርግጠኛ ነበር፣ እኛን የሚያስፈራንም ይሄ ነው። ይባስ ብሎ ከዋነኞቹ ከሳሾች በኋላ ራሳቸው ተይዘው ተቀጡ።

ይሄ የድሮ ነገር ነው እንዳትሉ። ስልካችን ላይ ሰው ሲለፈልፍ የሚያሳይ ቪዲዮ በየቀኑ ይመጣል። መንፈሱ ማን እንደላከው ሲጠየቅ የጎረቤት ስም ይጠራል፣ ኮሜንት ላይ ያለው ሁሉ ዳኛ ይሆናል። እኛም ሼር አድርገን እናውቃለን፣ አንዋሽም። ቡዳ ናት የተባለችው ሴትዮ ግን ነገ ገበያ ስትወጣ ማን ሰላም ይላታል?

ንጉሡ አላቆመም። ልጇን ለማንገሥ አሲራለች የተባለችው ሚስቱ ጽዮን ሞገሳም ተገርፋ በዚያው ሞተች። ልጇ በእደ ማርያም ነገሩን ሲሰማ ወደተቀበረችበት መቅደሰ ማርያም ዕጣንና ጧፍ ላከ። አባትየው ይሄን ሲያውቅ ተቆጥቶ ልጁን አሰረው። መነኮሳት ገብተው ለምነው ነው የታረቁት።

ዘርዐ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም ደብረ ብርሃን ላይ ሞተ። የነገሠው ያ ዕጣን የላከው ልጅ ነው።

ደጋ ከሄዳችሁ መነኮሳቱ ሣጥኑን ያሳዩአችኋል። ሴት ተከታዮቻችን ይቅርታ፣ ወደ ገዳሙ ሴት አይገባም። ዘርዐ ያዕቆብ እዚያ ከአባቱ ከዐፄ ዳዊት ጋር ነው። ጽዮን ሞገሳ እዚያ የለችም።