ሪቻርድ ቶውኒና የሠራተኞች ጉባኤ

በእንግሊዝ አገር የሠራተኛው ወገን ዕውቀትን ለማግኘት ያደረገው ድካም ሲተረክ ስሙ አስቀድሞ ከሚነሣው ሰዎች አንዱ ሪቻርድ ሄንሪ ቶውኒ ነው። ይህ ሰው በብዙ አገር የታወቀው በኤኮኖሚ ታሪክ ሊቅነቱ ነው። ዳሩ ግን ሊቅነቱ የበሰለው በዩኒቬርሲቲ አዳራሽ ብቻ አይደለም፤ ሸክላ ሠሪዎችንና ጥጥ ፈታዮችን፣ ከሰል ቈፋሪዎችንና የማኅበር ጸሓፊዎችን በየከተማቸው እየሄደ በማስተማር ጭምር ነው። ሶሻሊስት ነበረ፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅም ነበረ፤ ሁለቱንም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወም።

ቶውኒ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1880 ኖቬምበር 30 ቀን በሕንድ አገር በካልካታ ከተማ ነው (ከዚህ በታች የሚጻፉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። አባቱ የሳንስክሪት ቋንቋ ዐዋቂና በዚያው ከተማ የፕሬዚደንሲ ኮሌጅ አለቃ ነበረ። ልጁ በእንግሊዝ አገር ራግቢ ወደሚባለው የባለጸጎች ልጆች ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ከዊልያም ቴምፕል ጋራ ተወዳጀ፤ ይህም ቴምፕል አባቱ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳሳት የሆነ፣ ኋላም እርሱ ራሱ በዚያው መንበር የተቀመጠ ነው። ከዚያ ወደ ኦክስፎርድ ተሻግሮ በባልዮል ኮሌጅ ተማረ፤ በ1903 በመጨረሻው ፈተና ግን ያገኘው ሁለተኛውን ማዕረግ ስለ ሆነ አባቱ እጅግ አዘነ።

በዚያው ዓመት ወደ ምሥራቅ ለንደን ወርዶ በቶይንቢ ቤት ተቀመጠ። ይህን ቤት በ1884 ያቋቋሙት ቄስ ሳሙኤል ባርኔትና ሚስቱ ሄንሪየታ ሲሆኑ፣ የተማሩ ጐበዛዝት በድኾች መካከል እየኖሩ እንዲረዷቸው ነበር። ቶውኒ የድኾች ልጆች ለጥቂት ቀን ወደ ገጠር ወጥተው አየር እንዲለውጡ በሚያደርገው ማኅበር ሠራ። ነገር ግን ሥራውን በሚሠራበት ጊዜ አንድ ነገር ከልቡ አልወጣ አለ፤ ይኸውም ልጁ ከገጠር ሲመለስ የሚገባው ወደዚያው ወደ ጠባቡ ቤትና ወደዚያው ወደ ጥቂቱ ደመወዝ መሆኑ ነው። ምጽዋት የድኽነትን ሥር እንደማይነካ የተረዳው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከዚህ በኋላም በ1906 የፌቢያን ሶሻሊስቶች ማኅበር አባል ሆነ።

በዚሁ በ1903 በኅብረት ሥራ ማኅበር በጸሓፊነት ያደገው አልበርት ማንስብሪጅ የሠራተኞች ማስተማሪያ ማኅበርን መሠረተ፤ መነሻ ገንዘቡም ሚስቱ ከቤት ወጪ የሰጠችው ሁለት ሽልንግ ከስድስት ፔንስ ነበር። ቶውኒ በ1905 ከማኅበሩ የሥራ ጉባኤ አባላት አንዱ ሆነ። በ1907 የኦክስፎርድ ሊቃውንትና የሠራተኞች መልእክተኞች በአንድነት በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ማክታቪሽ የተባለ የፖርትስመዝ መርከብ ሠሪ ተነሥቶ የመጣው ለልመና አለመሆኑን፣ ዩኒቬርሲቲው ካለው ዕውቀት የሠራተኛውን ድርሻ ለመጠየቅ መሆኑን በግልጥ ተናገረ። ከዚያም ሰባት ሰዎች ከዩኒቬርሲቲው፣ ሰባት ሰዎች ከሠራተኛው ወገን ተመርጠው መክረው፣ መምህሩ ወደ ሠራተኞቹ ከተማ እንዲሄድ ቈረጡ።

ለዚህ ሥራ የተላከው መምህር ቶውኒ ነው። በዚያን ጊዜ በግላስጎ ያስተምር ነበር፤ በ1908 ጃንዋሪ ወር ግን ዓርብ ማታ ሸክላ በሚሠራባት በሎንግተን ከተማ፣ በማግሥቱ ቅዳሜ የጥጥ ፋብሪካ ባለባት በሮችዴል ከተማ ጉባኤ ዘረጋ። ሮችዴል በ1844 የኅብረት ሥራ ማኅበር አባቶች የሚባሉት ሸማኔዎች ሱቃቸውን የከፈቱባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ በማኅበር መሥራት ለሕዝቧ እንግዳ ነገር አልነበረም።

የጉባኤው ሥርዐት የሚደነቅ ነው። ሊማር የሚገባ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ሊጸና ቃል ይገባል፤ በየዓመቱ ሃያ አራት ጊዜ ይሰበሰባል። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ሲሆን በፊተኛው ሰዓት መምህሩ ያስተምራል፤ በኋለኛው ሰዓት ተማሪዎቹ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ መምህሩንም ይረታሉ። በየሁለት ሳምንቱም እያንዳንዱ ድርሰት ጽፎ ያመጣል። የሚማሩትን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ የሎንግተንና የሮችዴል ሰዎችም የመረጡት የአገራቸውን የኤኮኖሚ ታሪክ ነበር። መጻሕፍቱ ከዩኒቬርሲቲ በሣጥን ይላካሉ። በሦስት ዓመቱ ፍጻሜ የምስክር ወረቀትም ሹመትም የለም። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በምድጃ ፊት ወይም በማሽን ጩኸት የዋለ ሰው፣ ትርፍ ሰዓት ሥራ ሲታዘዝበት ከጉባኤው እየቀረ፣ ድርሰቱን ሌሊት እየጻፈ ሦስት ዓመት መጽናቱ ትምህርት ለሹመት ብቻ ለሚመስለው ሰው ሁሉ ሊያስደንቅ ይገባል። የባልዮል መምህር ኤ. ኤል. ስሚዝ ድርሰቶቹን መርምሮ ከአራቱ አንዱ በኦክስፎርድ አንደኛ ማዕረግ ከሚያገኙት ጋራ እንደሚተካከል መሰከረ።

ቶውኒ ራሱም በዚህ ጉባኤ ደቀ መዝሙር ሆኗል። የድሮ ባላባቶች የገበሬውን የወል መሬት እያጠሩ ስለ መውሰዳቸው ሲያስተምር፣ ከተማሪዎቹ መካከል መሬትና ሥራ ማጣት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮው የሚያውቀው ብዙ ነበረ። በ1912 ስለ ዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ መሬት ይዞታ ያሳተመው የመጀመሪያው ታላቅ መጽሐፉ ከዚሁ የወጣ ነው፤ በመቅድሙም ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች፣ ቈፋሪዎችና መካኒኮች ስሕተቱን እያረሙ እንዳስተማሩት ጽፎ አመስግኗቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ተማሪዎቹ በኋላ ያደረጉት ነው። የሎንግተን ሰዎች የተማሩትን ለራሳቸው ይዘው አልተቀመጡም፤ በ1911 በሰሜን ስታፎርድሺር ወዳሉት የከሰል ቈፋሪዎች መንደሮች እየወጡ፣ ያለ ብዙ ገንዘብ ጉባኤ እየዘረጉ አስተማሩ። ትናንት ተማሪ የነበረው ሸክላ ሠሪ ዛሬ መምህር ሆነ፤ ከጓደኞቹም ሳይለይ፣ ከሰፈሩም ሳይወጣ ሆነ። ቶውኒ ከሁሉ አብልጦ የፈለገው ይህን ነበር። ብልኅ የሆነው የሠራተኛ ልጅ ተመርጦ ወደ ላይ ሲወጣ ወገኑ መሪውን ያጣልና። ታላቁ ጦርነት በተነሣበት በ1914 እንዲህ ያሉት ጉባኤዎች በአገሩ ከመቶ በላይ ሆነው ነበር፤ ተማሪዎቻቸውም ከ3,000 በላይ ነበሩ።

ነገር ግን ይህን ሥራ የሚቃወም ወገን ከሠራተኞቹ መካከል ተነሣ። በኦክስፎርድ በ1899 ለሠራተኞች በተከፈተው በረስኪን ኮሌጅ የነበሩ ተማሪዎች በ1908 ፕሌብስ ሊግ የተባለ ማኅበር አቋቁመው፣ በ1909 አለቃቸው ዴኒስ ሂርድ ከሥራው በተሰናበተ ጊዜ ትምህርት አቁመው ወጡ። የሠራተኞች ማዕከላዊ ኮሌጅ የሚባለውን የራሳቸውን ቤትም ከፈቱ፤ የሳውዝ ዌልስ ቈፋሪዎችና የባቡር ሠራተኞች ማኅበራት ገንዘብ ሰጧቸው። አሳባቸው ይህ ነበር፤ የማርክስን ትምህርት ያልያዘ፣ ከመንግሥትና ከዩኒቬርሲቲ ገንዘብ የሚቀበል ጉባኤ ሠራተኛውን ያለዝበዋል እንጂ አያነቃውም። የሰው ወርቅ አያደምቅም እንዲሉ፣ ሠራተኛው በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ መምህር ይማር አሉ።

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የመንግሥት ገንዘብ ተቈጣጣሪ ያስከትላል፤ ተቈጣጣሪም በመጣበት ቤት ሁሉ መምህሩ አንደበቱን ሊጠብቅ ይችላል። ከማዕከላዊው ኮሌጅም ታላላቅ የማኅበር መሪዎች ወጥተዋል፤ ኋላ የጤና ሚኒስትር የሆነው አናይሪን ቤቫን ከእነርሱ አንዱ ነው። ቶውኒ ግን የእነርሱን መንገድ አልተቀበለም። ሶሻሊስት መሆኑን ከማንም አልሸሸገም፤ ሆኖም በጉባኤው ውስጥ ሶሻሊስትነትን አልሰበከም። መልሱ አስቀድሞ የተወሰነለት ተማሪ፣ መልሱን የወሰነለት ጌታ ቢለወጥም እንኳ፣ አሁንም ለሌላ አዛዥ ያደረ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የወገኑን ማኅበር የሚመራ ሰውም ማስረጃን መርምሮ ራሱ መፍረድ እንዲችል ይሻ ነበር። ማዕከላዊው ኮሌጅ ማኅበራቱ ገንዘብ ባጠራቸው ጊዜ በ1929 ተዘጋ፤ የቶውኒ ማኅበር ግን ቈየ። ይሁን እንጂ ዘመኑ እየረዘመ ሲሄድ በማኅበሩ ጉባኤዎች የእጅ ሠራተኛው ቍጥር አነሰ፤ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛውና የትምህርት ቤት አስተማሪው በዛ። ይህም ፕሌብሶች ፈጽመው እንዳልተሳሳቱ ያሳያል።

ጦርነቱ ሲነሣ ቶውኒ የመኰንንነት ማዕረግ አልሻም ብሎ በማንቸስተር ክፍለ ጦር ተራ ወታደር ሆነ። በ1916 ጁላይ 1 ቀን፣ የሶም ጦርነት በተጀመረበት ዕለት፣ የሃምሳ አለቃ ሆኖ ሲዋጋ ክፉኛ ቈስሎ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ሠላሳ ሰዓት ያህል ወድቆ ቈየ።

ከቍስሉ በዳነ ጊዜ ወደ ሕፃናት ነገር ተመለሰ። በዚያን ዘመን በላንካሺር የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግማሹን ቀን በጥጥ ፋብሪካ፣ ግማሹን ቀን በትምህርት ቤት ማሳለፉ በሕግ የተፈቀደ ነበር፤ በ1918 ይህ ልማድ እንዲቀር በታወጀ ጊዜ የፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር የሠራተኛው ልጅ ሁሉ ከፍተኛ ትምህርት ሊያገኝ አይገባም እያለ ተከራከረ፤ ቶውኒም በብርቱ ቃል ጽፎ መለሰላቸው። በ1922 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉ እንዲሆን የሚያስረዳውን መጽሐፍ ለሠራተኞች ፓርቲ አዘጋጀ። በ1926 የወጣውን የሐዶው ጉባኤ መግለጫ ከጻፉትም አንዱ እርሱ ነው፤ ልጆች እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት እንዲማሩ የተመከረው በዚህ ነበር። አሳቡ በ1944 ሕግ ሆነ፤ በሥራ የዋለው ደግሞ በ1947 ነው።

በ1919 ስለ ከሰል ጉድጓዶች የሚመረምረው የሳንኪ ጉባኤ በተሰበሰበ ጊዜ በቈፋሪዎች ወገን ተቀምጦ ባለ ጉድጓዶቹን ጠየቀ። ጉድጓዶቹ ወደ መንግሥት እጅ የገቡት ግን ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1947 ነው።

ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች የተለየ ቁም ነገር ያለው መጽሐፉ በ1926 ያሳተመው ስለ ሃይማኖትና ስለ ካፒታሊዝም መነሣት የጻፈው ነው። በጥንቱ ዘመን አራጣን መብላትና ዋጋን ያለ ልክ ማስወደድ የንስሓ ነገር ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ቤተ ክርስቲያን በገበያው ነገር መፍረድን ተወች፤ ነጋዴውም በሰንበት አንድ ሰው፣ በሰኞ ሌላ ሰው ሆነ። ቶውኒ ይህ እንዴት እንደ ሆነ ከሰነድ እያወጣ በዝርዝር አሳየ። መጽሐፉን ያበረከተው ለጳጳሱ ለቻርልስ ጎር ነው።

ፓርላማ ለመግባት በሮችዴል፣ በደቡብ ቶተናምና በስዊንደን ተወዳድሮ ሦስት ጊዜ ተሸነፈ። በ1928 የማስተማሪያው ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ፤ ከዐሥር ዓመት በላይም በዚሁ ሥራ ቈየ፤ በ1931 ደግሞ በለንደን የኤኮኖሚ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ተባለ። የሠራተኞች ፓርቲ መሪ ራምሴ ማክዶናልድ የሎርድነት ማዕረግ ሊሰጠው ቢያስብ አልቀበልም አለ። በለንደን በመክለንበርግ አደባባይ ባለው ቤቱ፣ በመጻሕፍት ክምር መካከል፣ ያረጀ ልብስ ለብሶ ፒፓውን እያጨሰ ይቀመጥ ነበር። ሚስቱ ጃኔት በ1958 ሞተች። እርሱም በ1962 ጃንዋሪ 16 ቀን በሰማንያ አንድ ዓመቱ ዐርፎ በሃይጌት መቃብር ተቀበረ።